ኩላንት በቀለሙ አይመረጥም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የተሽከርካሪ አምድ ላይ ስለ ኩላንት፣ ማለትም ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ራዲያተር ውስጥ ስለሚሞላው ፈሳሽ፣ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሞተር ካልጋለ በቀር ብዙ ባለንብረት የማያስታውሰውን ይህን ጉዳይ ማንሳታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች የሰጠው ዋና ምክር፣ ማለትም ለአሮጌ መኪና አረንጓዴ፣ ለአዲስ መኪና ደግሞ ቀይ ኩላንት መግዛት እንደሚበቃና ቀለማቸው አንድ የሆኑትን መቀላቀል ጉዳት እንደሌለው የሚገልጸው ክፍል፣ በመካኒክነት ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ብልሽት መነሻ ስለሆነ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ቀለሙ ፋብሪካው የሚጨምረው ማቅለሚያ ብቻ ነው። ፈሳሹ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ በዓይን ለማግኘትና የአንዱን ድርጅት ምርት ከሌላው ለመለየት ይረዳል፤ ስለ ፈሳሹ ይዘት ግን የሚነግረን አስተማማኝ ነገር የለም፣ አምራቾች ሁሉ የሚገዙበት ዓለም አቀፍ የቀለም ደንብም የለም። ቶዮታ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀምበት የቆየው ቀይ ኩላንት ፎስፌት ያለበትና ሲሊኬት የሌለበት ነው (ሁለቱም ዝገት የሚከላከሉ ማዕድናዊ ጨዎች ናቸው)። ፎልክስዋገን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ጂ 12 የተባለው ኩላንትም ቀይ ነው፤ በዚህኛው ውስጥ ግን ሲሊኬትም ፎስፌትም የለም። በአምዱ ምክር ከሄድን እነዚህን ሁለቱን አንድ ራዲያተር ውስጥ መጨመር ይፈቀዳል ማለት ነው። ይኸው ጂ 12 ከዚያው ከፎልክስዋገን የቀድሞ ጂ 11 ጋር ሲቀላቀል ወደ ቡናማ ዝቃጭ እንደሚለወጥ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው፤ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ምርቶች እንኳ እንዲህ ካልተስማሙ፣ ባለቤቱ ከሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ቀለም አመሳስሎ የሚገዛው ነገር ምን ዋስትና ይኖረዋል?

የኩላንት አብዛኛው ክፍል ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ሲሆን፣ በብዛት የሚሠራበት ኢቲሊን ግላይኮል ነው። ግላይኮሉ ከአንዱ ጀሪካን ወደ ሌላው እምብዛም አይለያይም። ልዩነቱ ያለው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ በሆነው የዝገት መከላከያ ቅመም ላይ ነው፤ ባለንብረቱ መምረጥ ያለበትም ይህንኑ ቅመም ነው። የመጀመሪያውና የቆየው ዓይነት እንደ ሲሊኬት፣ ፎስፌት፣ ቦሬትና ናይትራይት ያሉ ማዕድናዊ ጨዎችን የሚጠቀመው ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ አህጽሮቱ አይ.ኤ.ቲ. ይባላል። ሲሊኬቱ በብረቱ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ወዲያውኑ ያለብሳል፤ ፍጥነቱ ትልቅ ጥቅሙ ነው፣ ነገር ግን ቶሎ ስለሚያልቅ በ2 ዓመት ወይም በ50,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ አለበት። ሁለተኛው ዓይነት ኦ.ኤ.ቲ. የተባለው ሲሆን በኦርጋኒክ አሲዶች ጨው ይሠራል። ይህኛው ገጹን በሙሉ በመሸፈን ፈንታ መዛግ በጀመረበት ቦታ ላይ ብቻ ስለሚሠራ ቅመሙ ቀስ ብሎ ያልቃል፤ ጄነራል ሞተርስ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በመኪኖቹ የሞላው ብርቱካናማው ዴክስኩል 5 ዓመት ወይም 240,000 ኪሎ ሜትር እንዲያገለግል የታሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ የተዳቀለ ነው። እዚህ ላይ አውሮፓውያንና ጃፓናውያን መንገዳቸው ተለያይቷል፦ ብዙዎቹ የአውሮፓ አምራቾች ፎስፌት ካልሲየምና ማግኒዚየም ከበዛበት ውሃ ጋር ሲገናኝ ስለሚዘቅጥ ሲሊኬትን መረጡ፤ ጃፓኖች በበኩላቸው ሲሊኬት የውሃ ፓምፑን ማሸጊያ ይበላል ብለው ፎስፌትን መረጡ።

ይህ ሁሉ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ምን ይጠቅመዋል ቢባል፣ መልሱ ያለው ሞተሩና ራዲያተሩ ከተሠሩበት ብረት ላይ ነው። አምዱ «አሮጌ» ብሎ በአንድ ስም የጠራቸው መኪኖች ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ትውልዶች ናቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ብሎኩ ብረት፣ ራዲያተሩና የሂተሩ ራዲያተር ደግሞ ከመዳብና ከነሐስ ተሠርቶ በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ የተበየደ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ማዕድናዊ ጨው ያለው የቀድሞው ኩላንት የተሻለ ነው፤ ኦርጋኒክ አሲድ ብቻ ያለው ኩላንት የእርሳሱን ብየዳ እንደሚያጠቃና አንዳንድ የጥንት ጎማዎችንና ማሸጊያዎችን እንደሚያለሰልስ በተደጋጋሚ ታይቷልና። የብሪታንያ ታሪካዊ ተሽከርካሪ ክለቦች ፌዴሬሽንም በአሮጌ መኪኖች ላይ ኦ.ኤ.ቲ. ኩላንት ስለመጠቀም ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሁለተኛው ትውልድ ግን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠራው ነው። ዛሬ ይህ መኪና ከ25 ዓመት በላይ ሊሆነው ይችላል፣ ባለቤቱም አሮጌ ብሎ ይጠራዋል፣ ነገር ግን ራዲያተሩ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ነው፣ ከፋብሪካ የወጣውም ረጅም ዕድሜ ባለው ኩላንት ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መኪና «አሮጌ ስለሆነ አረንጓዴ» ማለት ፋብሪካው ያዘዘውን መሻር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የመኪናው መጽሐፍ ወይም በኩላንት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው መግለጫ ሲሆን፣ መጽሐፉ ጠፍቶ እንደሆነ የራዲያተሩን ብረት በዓይን ማየት ነው። መዳቡ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ከማይታይ ጥግ ላይ በጥቂቱ ቢፋቅ ይለያል።

ራዲያተሩ በቅርብ ጊዜ በአሉሚኒየም ተቀይሮ የሂተሩ ራዲያተር ግን የመጀመሪያው መዳብ ሆኖ የቀረባቸው መኪኖችም ብዙ ናቸው። በእነዚህ ላይ ሁለቱም ብረቶች በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ቅመሙ ካለቀ አንዱ ሌላውን መብላቱ አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው አሉሚኒየሙ ነው። እኔ በእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ መለያው ላይ ለአሉሚኒየምም ለመዳብም እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈበትን ሲሊኬት ያለው ኩላንት እመርጣለሁ፤ የመለወጫ ጊዜውንም አላሳልፍም። ሲሊንደር ላይነራቸው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) በቀጥታ ከውሃው ጋር የሚገናኝ የናፍጣ ሞተሮችም ሌላ ጣጣ አለባቸው። ላይነሩ ሲንቀጠቀጥ በገጹ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠሩና እየፈነዱ ብረቱን ይበሱታል፤ ለዚህ በቆዩት ሞተሮች የሚመከረው ናይትራይት ያለበት ኩላንት ነው።

በጀሪካኑ ላይ ለሁሉም መኪናና ለሁሉም ቀለም ይሆናል ተብሎ ስለሚሸጠው ኩላንት አምዱ ምንም አላለም፤ አንባቢ ግን መጠየቁ አይቀርም። እኔ በችግር ጊዜ ለመሙያ ያህል እቀበለዋለሁ እንጂ ለአሮጌ መኪና እንደ ምርጫ አላየውም። ከጀሪካኑ ጀርባ እንደ አሜሪካው ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ 3306፣ የብሪታንያው ቢ.ኤስ. 6580 ወይም የጃፓኑ ጄ.አይ.ኤስ. ኬ 2234 ያለ የደረጃ ቁጥርና የቅመሙ ዓይነት የተጻፈበትን ኩላንት፣ ከፊት ለፊቱ የመኪና ስዕል ከተደረደረበት ይልቅ አምነዋለሁ።

አምዱ ኩላንት ከውሃ ይልቅ ያቀዘቅዛል ብሎ የጻፈውም ትክክል አይደለም። ሙቀትን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር በማድረስ ረገድ ንጹህ ውሃ ከማንኛውም የግላይኮል ድብልቅ ይበልጣል። ግላይኮል የሚጨመረው ውሃው እንዳይረጋና ቶሎ እንዳይፈላ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር የሚመጣው ቅመም ደግሞ ብረቱ እንዳይዝግ ያደርጋል። እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት የሚረጋው በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ነው፤ ክዳን በሌለበት የሚፈላው በ107 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ 1 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን ሲገጠምለት ደግሞ ወደ 129 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያው ክዳን ሥር ንጹህ ውሃ በ120 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ሞተሩ የሚግልበት ባለንብረት ኩላንት ስለቀየረ ይድናል ብሎ ካመነ፣ የተደፈነውን ራዲያተር ወይም የላላውን የፓምፕ ቺንጊያ ሳያሳይ ገንዘቡን ይከሰክሳል። በተቃራኒው፣ ውርጭ በማያውቅ አካባቢ የሚኖረውም ኩላንት አያስፈልገኝም ሊል አይገባም፤ ዝገት ውርጭን አይጠብቅምና።

ግላይኮሉን ያለ ውሃ መሙላትም የባሰ ስህተት ነው። ያልተበረዘ ኢቲሊን ግላይኮል የሚረጋው በ13 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ስለሆነ ከድብልቁ በእጅጉ የደከመ ነው፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ዝቅተኛ ነው። ከግማሽ ብዙም ሳይርቁ መበረዝ ይበቃል፤ ከሲሶ በታች ሲሆን ግን ቅመሙ ብረቱን ለመጠበቅ ያንሳል።

የሚበረዝበት ውሃ ዲስቲልድ ወይም ማዕድኑ የወጣለት መሆን አለበት። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ የያዘው ካልሲየምና ማግኒዚየም ትኩስ በሆነው የሲሊንደር ግድግዳ ላይ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ውስጡ ያለው ክሎራይድ ደግሞ አሉሚኒየምን ይበሳል። ለባትሪ የሚሸጠውን ውሃ የሚጠቀም ሰው፣ ዲስቲልድ ውሃ መሆኑንና ለአዲስ ባትሪ የሚሞላው አሲድ አለመሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ። መንገድ ላይ ሞተር ውሃ ቢያንሰው የተገኘውን ማንኛውንም ንጹህ ውሃ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ጨምሮ ወደ ቤት መግባት ይቻላል፤ ሲደርሱ ግን ሥርዓቱን አፍስሶ በትክክለኛው መሙላት ነው።

አሁን ወደ መለወጡ ሥራ ልምጣ፤ በአምዱ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈው፣ ብዙ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነውና። ሞተሩ በደንብ ሳይበርድ ክዳን መክፈት አይገባም፤ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ፈሳሹ ፈልቶ ይገነፍላልና ፊትና እጅ ያቃጥላል። ክዳኑ ሲወጣ መጀመሪያ ተገልብጦ ይታይ። ከጎማው ሥር የዛገ ደለል ከተከማቸ ሥርዓቱ ለብዙ ጊዜ ያለ ቅመም ቆይቷል፤ ወተት የመሰለ ቅባት ከታየ ደግሞ ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል ማለት ስለሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይመረመር ኩላንት መሙላት ከንቱ ነው። መልቲሜትር ያለው ሰው አንዱን ጫፍ ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር አገናኝቶ፣ ሌላውን ብረት ሳያስነካ ፈሳሹ ውስጥ ቢነክር ሌላ መረጃ ያገኛል፤ ቁጥሩ ከ0.3 ቮልት በላይ ከሆነ ቅመሙ አልቋል ወይም የሞተሩ የመሬት ገመድ ላልቷል ብሎ መጠርጠር በሙያው የተለመደ ነው።

ማፍሰሻውን ከፍቶ ራዲያተሩን ብቻ ማፍሰስ በብዙ መኪኖች ላይ ግማሹን ያህል ብቻ ያወጣል። ቀሪው በብሎኩና በሂተሩ ውስጥ ይቀራል። በብሎኩ ጎን የማፍሰሻ ብሎን ያላቸው ሞተሮች አሉ፤ ብሎኑ ወጥቶ ምንም ካልፈሰሰ ቀዳዳው በደለል ስለተደፈነ በሽቦ መነካካት ያስፈልጋል፣ ከዚያም የሚወጣው ጭቃ የመሰለ ነገር የሞተሩን ታሪክ ይናገራል። አንድ ጊዜ ወደ ጋራዥ በመጣ የመዳብ ራዲያተር ባለው መኪና ላይ ማፍሰሻው ተከፍቶ ለጥቂት ጊዜ ጠብታ እንኳ አልወጣም ነበር፤ ባለቤቱ በአረንጓዴው ላይ ቀዩን እየጨመረ ቆይቶ ፈሳሹ እንደ ጄሊ ረግቶ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ዘግቷቸው ነበር። ያንን ራዲያተር በውሃ ማጠብ አልበቃውም፤ ተፈትቶ ከላይም ከታችም ተከፍቶ መጽዳት ነበረበት።

ዓይነቱ የማይታወቅ ኩላንት ያለበት መኪና የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ፣ የሂተሩ መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ ተደርጎና ሞተሩ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ፈሳሹን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር) እስኪከፈት እየተነሳ፣ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። እዚህ ላይ የሚረሳ ሒሳብ አለ። 8 ሊትር የሚይዝ ሞተር ታጥቦ ራዲያተሩ ሲፈስ 4 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጡ ቀርቷል እንበል። ባለንብረቱ ፋብሪካው በርዞ ያዘጋጀውን 4 ሊትር ቢሞላ፣ በሥርዓቱ ውስጥ የሚኖረው ግላይኮል 2 ሊትር፣ ማለትም 25 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ ቅመሙም ከሚፈለገው ግማሽ ነው። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ መሞላት ያለበት ያልተበረዘው ነው፦ መጀመሪያ የጠቅላላው ይዘት ግማሽ ያህል፣ ማለትም 4 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት፣ ከዚያም እስኪሞላ ድረስ ዲስቲልድ ውሃ። የተበረዘው ጀሪካን የሚመቸው ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ወይም በኋላ ለመጨመር ነው። የመጨረሻው መታጠቢያም በዲስቲልድ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፣ ውስጥ የሚቀረው እሱ ነውና።

ሲሞላ ቀስ ማለት ይጠቅማል። የመኪናው አፍንጫ ከፍ ተደርጎ፣ ክዳኑ ሳይገጠም፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የላይኛው የራዲያተር ጎማ እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ ቴርሞስታቱ በአብዛኛው በ82 እና በ88 ዲግሪ መካከል ሲከፈት የታመቀው አየር እየተንቦቀቦቀ ይወጣና መጠኑ ዝቅ ይላል። ከሂተሩ ቀዝቃዛ አየር እየመጣ የሙቀት መጠቆሚያው ወደ ላይ ከወጣ አየር ቀርቷል። ሞተሩ በርዶ መጠኑ እንደገና ሲታይ መጉደሉ የተለመደ ነው። የተሞላበት ቀን፣ የኩላንቱ ዓይነትና የተበረዘበት መጠን በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ራዲያተሩ አንገት ላይ ቢታሰር፣ መኪናው ቢሸጥ እንኳ ቀጣዩ ባለቤት በቀለም ከመገመት ይድናል።

ከዚሁ ጋር ሁለት ልማዶችን በአጭሩ ልንካ። ሞተር ጋለ ብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውሃው በማለፊያው በኩል ስለሚዞር ጭራሽ ወደ ራዲያተር በበቂ አይደርስም። የራዲያተር ክዳንም አንገቱ ላይ ስለገጠመ ብቻ አይገዛም፦ በግማሽ ባር ግፊት ለተሠራ የጥንት ራዲያተር የ1 ባር ክዳን መግጠም የደከመውን ብየዳ መፈልቀቅ ነው።

የፈሰሰው አሮጌ ኩላንት የት እንደሚደርስ አምዱ አለማንሳቱ አሳስቦኛል። ኢቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ፣ መርዝነቱ ከባድ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሊክ አሲድ ስለሚለወጥ ኩላሊትን ያጠፋል፣ ለሕፃንና ለቤት እንስሳ ጥቂቱ ይበቃል። በሰፊ ገንዳ ተቀብሎ፣ ክዳን ባለውና ምልክት በተጻፈበት ዕቃ አጠራቅሞ ያገለገለ ዘይትና ፈሳሽ ለሚረከብ አካል መስጠት ይገባል፤ መሬት ላይም ሆነ ቦይ ውስጥ አይደፋም፣ በመጠጥ ጠርሙስ ከቶ አይቀመጥም። የቀመሰው ወይም የጠጣው ሰው ካለ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

ክቡር አዘጋጅ፣ አምዱ በሚቀጥለው እትም ስለ ቀለም የሰጠውን ምክር እንዲያርም እጠይቃለሁ። ከዚህም በኋላ የትኛውን ኩላንት ልግዛ ብለው ለሚጽፉላችሁ አንባቢዎች መልስ ከመስጠታችሁ በፊት፣ መኪናው የተሠራበትን ዓመት፣ የራዲያተሩንና የሂተሩን ራዲያተር ብረት፣ እንዲሁም በውስጡ ያለው ፈሳሽ ምን እንደሆነና መቼ እንደተሞላ አብረው እንዲልኩ ብታሳስቧቸው፣ መልሳችሁ ለዚያች መኪና የሚሆን ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ፣ በሙያው መካኒክ